አንድ ማርሽ፣ ብዙ ሰው

በአርቦዬ ብስክሌት የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን አይሄድም። የጀጁ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ የምትገኘው በአርሲ ሰሜናዊ ክፍል፣ ደጋው ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርድበት አቅጣጫ ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት የዕለት እንጀራዋ ነው። ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት የያዘ ልጅ ዳገቱ ሲበረታበት ይወርድና ይገፋል። የሚገፋ ሰው ደግሞ ከእግረኛ እኩል ስለሚራመድ ወሬ የሚያዋየው አያጣም። ሜዳው ሲመጣ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ከኋላው ይፈናጠጣል፣ ሦስተኛው ተራው እስኪደርሰው ከጎን ይሮጣል።

ከዚህ በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀው የሚኖሩ ሌሎች ሰዎችም ተራራ ላይ እንዲሁ ብስክሌት ሲገፉ ይታያሉ። ልዩነቱ፣ እነዚያ ሃያና ሠላሳ ማርሽ ያለው ብስክሌት መግዛት የሚችሉ መሆናቸው ነው። ማርሹን በገዛ እጃቸው አውልቀው ጥለው፣ በአንዱ ብቻ ለመንዳት በየዓመቱ ከየአገሩ ይሰባሰባሉ። እንዴት እዚህ እንደደረሱ ለመረዳት ከመቶ ዓመት በላይ ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (ካልተገለጸ በቀር በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ ብስክሌት ሁሉ ባለ አንድ ማርሽ ነበር ማለት ይቻላል። በ1903 የተጀመረውን የቱር ደ ፍራንስ ውድድር የመሠረተው ሄንሪ ዴግራንዥ ማርሽ መቀየሪያን አይወድም ነበር፤ ሰው በጡንቻው እንጂ በመሣሪያ ብልሃት ማሸነፍ የለበትም የሚል እምነት ነበረው። በዚህም የተነሳ ተወዳዳሪዎቹ ከኋላ ጎማቸው ግራና ቀኝ መጠናቸው የተለያየ ሁለት ባለ ጥርስ ቀለበት ያስገጥሙ ነበር። ተራራው ሥር ሲደርሱ ይወርዱና ጎማውን ፈትተው፣ ገልብጠው፣ መልሰው ያስሩታል። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ደግሞ እንደገና ወርደው ይገለብጡታል። ማርሽ መቀየሪያ በዚያ ውድድር የተፈቀደው በ1937 ነው።

ከዚያ በኋላ የፍጥነት ዓለም ወደኋላ አልተመለሰም።

በእኛ አካባቢ የብስክሌት ውድድር ሥር የሰደደው አስመራ ውስጥ ነው። ጣሊያኖች በቅኝ ግዛታቸው ውድድር ቢያካሂዱም አገሬውን አያሳትፉም ነበር። በ1939 ኤርትራውያን ከጣሊያኖች ጋር እንዲሰለፉ ሲፈቀድ አሸናፊው ገብረማርያም ገብሩ ሆነ። በ1946 ደግሞ የኤርትራ ዙር ውድድር ተጀመረ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ ኢትዮጵያ በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ለኦሊምፒክ ወደ ሜልቦርን ስትሄድ የላከችው ሯጮችን ብቻ አልነበረም። የቡድኑ አባላት 12 ወንዶች ነበሩ፤ ስፖርቶቹም ሁለት፦ አትሌቲክስና ብስክሌት። ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ባሸነፈበት የጎዳና ውድድር ገረመው ደንቦባ 24ኛ ወጣ፤ የብስክሌት ቡድኑ በአጠቃላይ ዘጠነኛ ሆነ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ዓለምን ከማስደነቁ አራት ዓመት በፊት ኢትዮጵያን በኦሊምፒክ መንገድ ላይ በደህና ያስጠሯት ባለ ብስክሌቶች ናቸው። ይህ ተደጋግሞ ሊነገር ሲገባው ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

የተራራ ብስክሌት ታሪክ ግን የሚጀምረው በሌላ አህጉር፣ በሌላ ዓይነት ሰዎች ነው።

ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን፣ በማሪን አውራጃ፣ ታማልፓይስ የሚባል ተራራ አለ። በ1970ዎቹ በተራራው ዙሪያ የሚኖሩ ጥቂት ወጣቶች ከየመጋዘኑ አሮጌ የሽዊን ብስክሌቶችን ይለቅሙ ጀመር። ብስክሌቶቹ በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሠሩ፣ ወፍራም ጎማ ያላቸው፣ ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ፣ ጋዜጣ አዟሪ ልጆች ሲነዷቸው የኖሩ ነበሩ። ማርሻቸው አንድ ነው። የእጅ ፍሬን የላቸውም፤ ፔዳሉን ወደኋላ ሲረግጡት የኋላው ጎማ ይያዛል። ወጣቶቹ እነዚህን ብረቶች በጭነት መኪና ጭነው ወይም እየገፉ ተራራው ጫፍ ላይ ያወጧቸውና ከዚያ ይለቋቸዋል።

ማን ይበልጥ ፈጣን ነው የሚል ክርክር ተነሳ። ክርክሩን ለመቋጨት ጥቅምት 1976 ላይ በፌርፋክስ ከተማ አቅራቢያ ባለ የእሳት መከላከያ ጥርጊያ መንገድ የመጀመሪያው ውድድር ተካሄደ። መንገዱ ርዝመቱ 3.4 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ 400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። አደራጁም ሰዓት ያዡም ቻርሊ ኬሊ ነበር። አሸናፊው አለን ቦንድስ ሆነ፤ ሲተረክ እንደኖረው ሳይወድቅ የጨረሰው እሱ ብቻ ስለነበር ነው። የመንገዱ ስም ከብስክሌቶቹ ጠባይ የመጣ ነው። ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ የኋላው ፍሬን ከመጋሉ የተነሳ በውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ በጭስ ይወጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ ብስክሌቱን ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት የግድ ነበር። ቦታው በዚሁ ሥራ ስም ሪፓክ ተባለ፤ ዳግም መሙላት እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው። የእነዚያ ቀናት ዋናው ነገር ሰዓቱ አልነበረም። ሽልማት አልነበረም፣ ፌዴሬሽን አልነበረም፣ መለያ ልብስ አልነበረም። ጂንስና ሸሚዝ የለበሱ ጓደኛሞች ናቸው፤ አብረው ገፍተው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፣ ከታች ተቀምጠው ግራሶ እየሞሉ ማን የት ጥምዝ ላይ እንደወደቀ ሲያወጉ ይውላሉ። የብስክሌት መጠገኛው ሰዓት የጨዋታው ሰዓት ነበር።

ነገር ግን ማርሽ መምጣቱ አልቀረም። ከመጀመሪያው ውድድር ቀደም ብሎ፣ በ1974 ታኅሣሥ ላይ ከኩፐርቲኖ ከተማ የመጡ ነጂዎች በአሮጌ ወፍራም ጎማ ብስክሌት ላይ ማርሽ መቀየሪያ ገጥመው ማሪን ውስጥ ታይተው ነበር። ጋሪ ፊሸርም በራሱ ብስክሌት ላይ ማርሽ አስገባ፤ አሁን ተራራውን ሳይገፉ እየነዱ መውጣት ተቻለ። ጆ ብሪዝ በ1977 ለተራራ ብቻ የታሰበ አዲስ ፍሬም ሠራ። በ1979 ፊሸርና ኬሊ አነስተኛ ድርጅት አቋቋሙ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስተምፕጃምፐር የሚል ስም ያለውን ብስክሌት በብዛት አምርቶ ለገበያ ሲያቀርብ፣ የጥቂት ጓደኛሞች ጨዋታ የዓለም ንግድ ሆነ።

በ1990 ዱራንጎ፣ ኮሎራዶ ላይ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን ይፋዊ የተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና አካሄደ። ማርሹ በዝቶ ከሃያ በላይ ሆኗል፤ ሹካው ላይ ሞላ ገብቷል፤ ክብደት በግራም ይለካል። ተወዳዳሪው አሠልጣኝ፣ መካኒክና ስፖንሰር አለው።

ያኔ ነው አንዳንዶች ማርሹን ማውለቅ የጀመሩት።

ምክንያቱ በመጀመሪያ ተራ የጥገና ጉዳይ ነው። ማርሽ መቀየሪያው ከኋላ ጎማ ጎን ተንጠልጥሎ ስለሚኖር ድንጋይ ይመታዋል፣ ጭቃ ይሞላዋል፣ ቅርንጫፍ ይነቅለዋል። ካቴናው ከማርሽ ወደ ማርሽ ሲዘል በየጊዜው ይንሸራተታል፤ ሽቦው ይረግባል። አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ብስክሌት ካቴናው አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አይጮህም፣ በቀላሉ አይወልቅም፣ ሲበላሽም ባለቤቱ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይጠግነዋል። የአርሲን የክረምት ጭቃ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ማንም አስቀድሞ ያላሰበው ነበር፤ ይህ ሁሉ ባህል የተወለደውም ከእሱ ነው። በዚያ ዘመን የተለመደው ምጣኔ ከፊት 32 ጥርስ፣ ከኋላ 16 ጥርስ ነበር። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ የዚያን ጊዜው ባለ 26 ኢንች ጎማ በአንድ የፔዳል ዙር አራት ሜትር ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ነጂው በደቂቃ መቶ ጊዜ ቢረግጥ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ እግሩ በአየር ላይ የሚዞር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ጎበዙ ከደካማው ብዙ ሊያመልጥ አይችልም። ዳገት ላይ ደግሞ ቀላል ማርሽ ስለሌለው ጎበዙም እንደማንኛውም ሰው ይወርድና ይገፋል። ሃያ ማርሽ ሰዎችን በጉልበትና በገንዘብ ደረጃ በታትኗቸው ነበር፤ አንዱ ማርሽ መልሶ በአንድ መንገድ ላይ፣ እርስ በርስ በሚሰማሙበት ርቀት አስቀመጣቸው። መሳቅና ማውራት የቻሉት መጠበቅ ስለማያስፈልጋቸው ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ ውስጥ እነዚህ ሰዎች በራሳቸው ሥልጣን የባለ አንድ ማርሽ የዓለም ሻምፒዮና የሚል ስብሰባ ጠሩ። ከዓለም አቀፉ ማኅበር ፈቃድ አልጠየቁም። ስሙ ትልቅ ነው፤ ነገሩ ግን የሰፈር ድግስ ይመስል ነበር። ከጊዜ ጋር ልማዶች ተፈጠሩ። ሰው ልብሱን እንደ በዓል ያስብበታል፤ አንዱ የሙሽራ ቀሚስ፣ አንዱ የአውሬ ቆዳ የሚመስል፣ አንዱ የአያቱን ኮት ለብሶ ይመጣል። በውድድሩ መሐል መንገድ ላይ ቢራ ይታደላል። የሚቀጥለውን ዓመት አስተናጋጅ አገር የሚወስነው ኮሚቴ አይደለም፤ የየአገሩ ተወካዮች ከብስክሌት ጋር ግንኙነት በሌለው ጨዋታ ይጋጠሙና አሸናፊው ይዞ ይሄዳል።

ሽልማቱ ደግሞ ንቅሳት ነው። በወንዶችም በሴቶችም አንደኛ የወጡት በዚያው ቀን ሰውነታቸው ላይ የዓመቱን ምልክት ይነቀሳሉ፤ የማይነቀስ አሸናፊ አይባልም። እናቶቻቸው በአንገታቸውና በግንባራቸው ላይ ንቅሳት ይዘው ለኖሩ ለእኛ አገር ሰዎች ይህ ሽልማት እንግዳ አይሆንባቸውም። ሜዳሊያ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ይህ ግን ከሰውየው ጋር ገበያ ይወጣል፣ ከሰውየው ጋር ያረጃል።

በዚሁ ዘመን የተራራ ብስክሌትም ከአርሲ ልጆች ጋር ሊገናኝ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። በ1996 አትላንታ ላይ ሐምሌ 28 ቀን ፋጡማ ሮባ የሴቶችን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አሸነፈች። በማግስቱ፣ ሐምሌ 29፣ የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ወሰደ። በሦስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 30፣ ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ኮንየርስ የተራራ ብስክሌት ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ስፖርት ሆኖ ተካሄደ፤ ሆላንዳዊው ባርት ብሬንቲንስና ጣሊያናዊቷ ፓኦላ ፔዞ አሸነፉ። በአስመራና በሜልቦርን ብስክሌት ላይ የጀመረው የአካባቢያችን ታሪክ በዚያ ሳምንት በእግር ብቻ ነበር የሚነገረው።

ኃይሌ ግን ከወርቁ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ የነበረው ይህ ሰው፣ በኅዳር 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እንዲጀመር አደረገ። ርቀቱ ያው 10 ኪሎ ሜትር፤ ተሳታፊው 10 ሺህ ሰው። በወንዶች ራሱ ኃይሌ፣ በሴቶች ብርሃኔ አደሬ አሸነፉ። ዛሬ ብዙ ሰው ያንን ቀን የሚያስታውሰው ግን በአሸናፊዎቹ አይደለም። ከፊት ያሉት ሯጮች ካለፉ በኋላ የሚመጣው ባለ አንድ ዓይነት ቲሸርት ጎርፍ ነው የታላቁ ሩጫ መልክ። መንገዱ በሰው ስለሚሞላ ፈጥኖ መሮጥ አይቻልም፤ ስለማይቻልም ሰው ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ውኃ ይረጫጫል፣ ጓደኛውን በትከሻው ይሸከማል። በካሊፎርኒያ አንድ ማርሽ የሠራውን ሥራ አዲስ አበባ ላይ የሰው ብዛት ሠራው። ሁለቱም ስብስቦች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ ቢተዋወቁ ግን አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ይመስላል።

ባለ አንድ ማርሾቹ ከዚያ ወዲያ አገር ለአገር መዞር ጀመሩ። በ2004 በርሊን፣ በ2006 ስቶክሆልም፣ በ2007 የስኮትላንዷ አቪሞር። አቪሞር ላይ የተነቀሰው አሜሪካዊው አዳም ክሬግ በሚቀጥለው ዓመት አገሩን ወክሎ ቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ በተራራ ብስክሌት ተሰልፏል፤ በዚያው ቤጂንግ የበቆጂዎቹ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ እያንዳንዳቸው 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትርን ደርበው ወሰዱ። የክሬግ ነገር አንድ የሚያሳየው አለ። ወደ እነዚህ ስብሰባዎች የሚመጡት ስፖርቱ ያልሆነላቸው ሰዎች ናቸው የሚል ግምት ካለ ስህተት ነው። በዓለም ደረጃ የሚወዳደሩ ሰዎች በዓመት አንድ ቀን ሰዓቱን፣ አሠልጣኙንና ስፖንሰሩን ትተው ወደ መጀመሪያው ጨዋታ ለመመለስ ይመጣሉ፤ የአያቱን ኮት ከለበሰው ሰው ጋር በአንድ መስመር ይቆማሉ።

በ2008 ናፓ አስተናገደች። በ2009 ተራው የዱራንጎ ሆነ፤ ከ19 ዓመት በፊት የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደባት ያችው ከተማ። የያኔው ሻምፒዮና ማርሽ ሲበዛ የተካሄደ ነው፤ ይህኛው ማርሽ ከወለቀ በኋላ። በ2010 ወደ ኒውዚላንዷ ሮቶሩዋ፣ በ2011 ወደ አየርላንድ፣ በ2012 ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በ2015 ጃፓን ደረሰ። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ግን እስካሁን ጎራ አላለም፤ ጭላሎን ያየ ሰው ይህ ይቆጨዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚዘልቅ ተራራ፣ ሥሩ የስንዴና የገብስ ማሳ፣ በማሳው መሐል ከብትና ሰው ያሰመሩት ጥርጊያ መንገድ፤ ለእንዲህ ዓይነት ግልቢያ ከዚህ የተሻለ ስፍራ መፈለግ ያስቸግራል።

በኢትዮጵያ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት የበረታው በደጋ አይደለም። ሐይቅ ዳር በተንጣለሉት ሜዳማ ከተሞች፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በባቱ ነው። እዚያ ብስክሌት የሥራ መሣሪያ ነው፤ ተማሪ፣ ሠራተኛና ነጋዴ ይነዱታል። ደጋው ላይ ደግሞ ውድድሩ በረታ፤ የአገሪቱ ነጂዎች ዛሬም በኮርስ (በጎዳና) እና በማውንቴን (በተራራ) ብስክሌት ተከፍለው ይወዳደራሉ። ከመቀሌ የተነሳው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ዴግራንዥ ማርሽ መቀየሪያ በከለከለበት ውድድር ላይ፣ በብዙ ማርሽ።

ለመዝናናት ብቻ የሚነዳበት ቀን በመንግሥት ደረጃ የመጣው በኅዳር መጨረሻ 2011 ዓ.ም. ነው። መንገድ ለሰው በሚል ስም የአዲስ አበባ ዋና ዋና መንገዶች እሁድ ጠዋት ለመኪና ተዘጉ፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። ልጆች በኪራይ ብስክሌት አስፋልቱ መሐል ተሽከረከሩ፤ መንዳት የማይችሉ አዋቂዎች ሰፊውን መንገድ አግኝተው መለማመድ ጀመሩ። ቀጥሎ ከተማዋ ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የእግረኛና የብስክሌት ስትራቴጂ አወጣች። ዕቅዱ ስለ መስመር ስፋትና ስለ ማቆሚያ ይናገራል፤ የሚያስፈልግ ነገር ነው። የዚያን እሁድ ጠዋት ጨዋታ ግን የፈጠረው ሕዝቡ ራሱ ነበር። ፍሬን የሌለውን ብስክሌት በጫማ ሶል የሚያቆም ልጅ፣ ከኋላ ይዞ እየሮጠ እህቱን የሚያስተምር ወንድም፣ የወለቀ ካቴና ሲመልስ እጁ ግራሶ የሆነ አባት፤ ሪፓክ ላይ ቢገኙ ማንም እንግዳ ናችሁ አይላቸውም ነበር።

ከአዳማ ወደ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ በዴራ በኩል ከስምጥ ሸለቆው ወለል ተነስቶ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው በመስኮት ቢመለከት ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት የሚገፉ ልጆችን ማየቱ አይቀርም። ወደ ጀጁ በሚገነጠለውም መንገድ እንዲሁ ነው። ከአርቦዬ ገበያ የሚመለሱ ሁለት ጓደኛሞች ጆንያ ስንዴ ከኋላ መጫኛው ላይ አስረዋል። አንዱ መሪውን ይዟል፣ ሌላው ጆንያውን ከኋላ ይገፋል። ዳገቱ ረጅም ስለሆነ ወሬያቸው አላለቀም። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስቡና ቁልቁለቱን ማን እንደሚነዳ ይከራከራሉ፤ በመጨረሻ ሁለቱም ይፈናጠጡና ጆንያውን መሐል አድርገው ይወርዳሉ።